ምዕራፍ 7፦ የማይጠብቅ ሼል

ሼል ትእዛዝ ሲሰጡት ሁለት ነገር ያደርጋል። ፕሮግራሙን ያስነሣል፤ ከዚያ እስኪጨርስ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሁለተኛው ዓይን ስለማይገባ ማንም እንደ ሥራ አይቆጥረውም። ነገር ግን በስክሪፕት ውስጥ አንዱ መስመር ሳያልቅ ቀጣዩ የማይነሣው፣ ተርሚናሉም ትልቅ ፋይል እየገለበጠ ሳለ ሌላ ትእዛዝ የማይቀበለው በዚህ ጥበቃ የተነሣ ነው። ከትእዛዙ ጫፍ ላይ & ሲደረግ የሚዘለለው ይህ ጥበቃ ነው፤ እሱ ብቻ።

“እሱ ብቻ” ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ከጀርባ የሚላክ ሥራ የሚያመጣው ጣጣ አብዛኛው የሚመነጨው ምልክቷ ሥራውን ከስክሪፕቱ፣ ከተርሚናሉና ከኔትወርኩ ቆርጣ የምታሰናብት ስለሚመስል ነው። አትቆርጥም። የተነሣው ፕሮግራም ከወላጁ የወረሰውን ሁሉ እንደያዘ ነው የሚሄደው፤ ይህ ምዕራፍም ስለዚያ ውርስ ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ሌሊት ሌሊት የሚሠራ የባክአፕ ስክሪፕት አለ እንበል። ዳታቤዝ ይገለብጣል፣ የሰነዶች ፎልደር ይጨምቃል፣ መጨረሻ ላይ ሁለቱንም ወደ ሌላ ሰርቨር ይልካል። ግልበጣው 40 ደቂቃ፣ ጭመቃው 30 ደቂቃ ቢፈጅ በተራ ሲሠሩ 70 ደቂቃ ይሆናል። አንዱ ከሌላው የሚፈልገው ነገር ስለሌለ ግን አብረው መሄድ ይችላሉ፤ ዲስኩና ፕሮሰሰሩ ከቻሉ ጊዜው ወደ 40 ደቂቃ ይጠጋል። መላኩ ግን ሁለቱ ሳያልቁ መጀመር የለበትም። ስክሪፕቱ ይህን ይመስላል፦

ገልብጥ &
ጨምቅ &
ዌይት
ላክ

(ትእዛዞቹን የጻፍኳቸው እንደሚነበቡት ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሚገቡት በላቲን ፊደል ነው። የፋይል ስም በአማርኛ ቢሆን ሊኑክስ ቅር አይለውም፤ በባሽ የተለዋዋጭ ስም ግን በፊደላችን አይሆንም።)

አራት መስመር ነው፤ ብዙ ጊዜም ይሠራል። የማይሠራበትን ጊዜ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ይጠቅማል።

እ.ኤ.አ. በ1969 ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በኒው ጀርሲው ቤል ላብስ፣ ፒዲፒ-7 በተባለች ኮምፒውተር ላይ ዩኒክስን ሲጀምሩ፣ ሼሉ የታዘዘውን ፕሮግራም በራሱ ቦታ ላይ ይጭን ነበር። ፕሮግራሙ ሲገባ ሼሉ ከሜሞሪ ይጠፋል፤ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ሼሉ እንደገና ይጫናል። በእንዲህ ያለ ሲስተም ላይ “ከጀርባ” የሚባል ነገር ሊኖር አይችልም፤ ፊት ለፊት የሚቀር የለምና። መፍትሔው በበርክሌይ ከተሠራ ቀደምት ሲስተም የተወሰደ ሲሆን ፎርክ ይባላል። አንድ ፕሮሰስ የራሱን ቅጂ ያወጣል፤ ቅጂው የታዘዘውን ፕሮግራም ሆኖ ይቀጥላል፤ ዋናው ባለበት ይቆያል። ሪቺ ኋላ በጻፈው ታሪክ እንደሚለው፣ ፎርክን በፒዲፒ-7 ላይ ለመጨመር የፈጀው የአሴምብሊ ኮድ 27 መስመር ብቻ ነበር። ዋናው ከቆየ ደግሞ ምርጫ አለው፤ ልጁን ይጠብቃል ወይም አይጠብቅም። & የተባለው ነገር ከዚህ በኋላ በነጻ የመጣ ነው፤ አንድ እርምጃ መዝለል እንጂ አዲስ ሥራ አይደለም።

ፎርክ ሲገባ አንድ አስቂኝ ችግር አብሮ መጣ፤ ፎልደር የሚቀይረው ትእዛዝ መሥራት አቆመ። ልጁ ፎልደሩን ይቀይርና ወዲያው ይሞታል፤ ወላጁ እዚያው የነበረበት ነው። ስለዚህ ያንን ትእዛዝ ሼሉ ራሱ እንዲሠራው ተደረገ። ያ ወጥመድ ዛሬም በየስክሪፕቱ አለ። ከጀርባ በተላከ ክፍል ውስጥ ዋጋ የተሰጠው ተለዋዋጭ ለዋናው ስክሪፕት በፍጹም አይደርስም፤ ልጁ የቀየረው የራሱን ቅጂ ነው። ልጁ ያገኘውን ነገር ለወላጁ ማስተላለፍ ከፈለገ ፋይል ላይ ይጽፋል፣ አለዚያም ሲወጣ በሚተወው ቁጥር ይናገራል። ስለ ቁጥሩ ኋላ እንመለስበታለን።

ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ውርስ ግን ብዙ ነው። ልጁ የሚሠራበትን ፎልደር፣ የአካባቢ ተለዋዋጮችን፣ የተርሚናሉን ትስስር፣ ችላ እንዲባሉ የተደረጉ ሲግናሎችን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተከፈቱ ፋይሎችን ይወርሳል። ከእነዚህ ፋይሎች ሦስቱ የተወሰነ ቁጥር አላቸው፤ መግቢያው 0፣ መውጫው 1፣ የስህተት መውጫው 2 ነው። ሰውን በጣም የሚያስለፋው የ1 ቁጥር ነገር ነው፤ እዚያ ላይ ትንሽ እንቆይ።

በፒኤችፒ የተጻፈ ድረ ገጽ አለ እንበል። ተጠቃሚው “ሪፖርት አውጣ” የሚለውን ሲጫን ገጹ አንድ ረጅም የሼል ትእዛዝ ከጀርባ ልኮ ወዲያው “ሪፖርትዎ እየተዘጋጀ ነው” ማለት አለበት። ፕሮግራመሩ ትእዛዙ ጫፍ ላይ & አድርጓል። ሲሞከር ግን ገጹ ሪፖርቱ እስኪያልቅ ድረስ እየዞረ ይቆያል። በኤስኤስኤችም ያው ነው፦

ኤስኤስኤች ሰርቨር 'ገልብጥ &'

ተብሎ ከስክሪፕት ሲላክ፣ እዚያ ያለው ሼል በቅጽበት ጨርሶ ይወጣል፤ እዚህ ያለው ኤስኤስኤች ግን አይመለስም። የትእዛዝን ውጤት ወደ ተለዋዋጭ የሚቀዳው $( ) ውስጥም & ብታስገቡ ተመሳሳይ ነው። ሰው እዚህ ሲደርስ & አልሠራም ብሎ ሁለተኛ & የሚጨምርበትን ቦታ መፈለግ ይጀምራል።

& ሠርቷል። ሼሉ አልጠበቀም። የሚጠብቀው ሌላ ነው። ፒኤችፒው ወይም ኤስኤስኤቹ ከትእዛዙ የሚመጣውን ጽሑፍ ለመቀበል ፓይፕ ዘርግቷል፤ ጽሑፉ ማለቁን የሚያውቀው ደግሞ በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ የፓይፑን መጻፊያ ጫፍ የያዘ ሁሉ ሲለቅ። ሼሉ ሲወጣ የራሱን ለቀቀ። ከጀርባ የቀረው ልጅ ግን ያንኑ ጫፍ ወርሶ ይዟል። አንዲት ፊደል ባይጽፍበትም ይዞታል፤ ከርነሉ ደግሞ ወደፊት ይጻፍ አይጻፍ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ አንባቢው ገና ይመጣል ብሎ ይጠብቃል። ወደ ሱቅ የተላከ ልጅ የበሩን ቁልፍ በኪሱ ይዞ ሲሄድ ቤተሰቡ ሁሉ ደጅ እንደሚቆመው ነው፤ ልጁ ማንንም አላገደም፣ ቁልፉ እሱ ዘንድ መሆኑን ያሰበ ግን አልነበረም።

መድኃኒቱ ልጁ ሳይነሣ ውርሱን መንጠቅ ነው፦

ገልብጥ < /ዴቭ/ነል > ገልብጥ.ሎግ 2>&1 &

መግቢያው ምንም ወደሌለበት፣ መውጫው ወደ ሎግ ፋይል፣ ስህተቱም መውጫው ወደሄደበት ይዞራል። ቅደም ተከተሉን መገልበጥ አይቻልም። ሼሉ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚያነብ 2>&1 ቀድሞ ከመጣ ቁጥር 2 የሚቀዳው መውጫው ገና ፋይሉ ላይ ሳይዞር የነበረበትን ነው፤ ያም አሮጌው ፓይፕ ነው። ስህተቱ በፓይፑ ላይ ይቀራል፣ ገጹም መዞሩን ይቀጥላል። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ሳይዞር ከቀረ ድካሙ ሁሉ ከንቱ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ሦስቱንም መጻፍ ልማድ ቢሆን ይሻላል። ሎግ ስንል ደግሞ ሁለት ሥራዎች እያንዳንዳቸው አንዱን ፋይል በ> ከከፈቱ አንዱ የጻፈውን ሌላው ይደፍቀዋል። ለየራሳቸው ፋይል ይሰጣቸው፣ ወይም በ>> ይጻፉ።

የመግቢያው የ0 ቁጥር ጠባይ ደግሞ ሌላ ነው፤ ከተርሚናል በእጅ ሲላክና ከስክሪፕት ሲላክ ይለያያል። ቪዲዮ የሚቀይረውን ኤፍኤፍኤምፔግን የተጠቀመ ሰው ያውቀዋል። በእጅ ጽፈው በ& ሲልኩት ወዲያው ቆሟል የሚል መልእክት ይመጣል፤ አልሞተም፣ አልጨረሰም፣ ቆሟል። ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ተጠቃሚው ቁልፍ ቢጫን ለመስማት ተርሚናሉን ማንበብ ስለሚሞክር ነው። ተርሚናል በአንድ ጊዜ የሚሰማው ከፊት ያለውን የሥራ ቡድን ብቻ ነው፤ ከጀርባ ሆኖ ለማንበብ የሞከረውን ከርነሉ ሲግናል ልኮ ያስቆመዋል። ሥራዎችን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት የማዘዋወሩ ስልት በሲ ሼል ውስጥ መጀመሪያ የተሠራው ቤል ላብስም በርክሌይም ሳይሆን ኦስትሪያ፣ ላክሰንበርግ ከተማ ባለ የምርምር ተቋም ነው፤ ሠሪው ጂም ኩልፕ ነው። ዛሬ የተለመዱት ሼሎች ሁሉ አላቸው።

በስክሪፕት ውስጥ ግን ይህ ስልት ሳይነኩት ጠፍቶ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ሼሉ ሌላ ጥንቃቄ ያደርጋል፤ ከስክሪፕት በ& የተላከ ትእዛዝ መግቢያው ካልተነገረለት ራሱ ወደ /ዴቭ/ነል ያዞርለታል። በእጅ ሲሞከር የሚቆመው ኤፍኤፍኤምፔግ ስክሪፕት ውስጥ ሲገባ ደህና የሚሠራው ለዚህ ነው። ስክሪፕቱን ለማረም እየተባለ መስመሮቹን አንድ በአንድ ተርሚናል ላይ መለጠፍ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር ነው፤ ከጀርባ ሥራ ጋር በተያያዘ ግን እየተሞከረ ያለው ያው ስክሪፕት አይደለም።

ሁለተኛው ልዩነት ኮንትሮልና ሲ ላይ ነው። የባክአፕ ስክሪፕታችን ዌይት ላይ ቆሞ እየጠበቀ ሳለ አንድ ሰው ኮንትሮል-ሲ ቢጫን ስክሪፕቱ ይሞታል። ግልበጣውና ጭመቃው ግን ይቀጥላሉ። ስህተት አይደለም፤ የፖዚክስ ደረጃ እንዲህ ይደነግጋል፤ ያ ሥራ የማዘዋወር ስልት በጠፋበት ሼል ከጀርባ የሚላክ ሥራ ሲግናል 2ን፣ ማለትም የኮንትሮል-ሲውን፣ ችላ እንዲል ሆኖ ይነሣል። ሰውየው አስቁሜዋለሁ ብሎ ስክሪፕቱን እንደገና ያስነሣል፤ አሁን አንዱን ዳታቤዝ ሁለት ግልበጣ እየጎተተው ነው። ሰርቨሩ ለምን ተንፏቀቀ የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው። ባሽ ላይ ስክሪፕቱ ሲወጣ ልጆቹን ይዞ እንዲወጣ የሚያደርገው መስመር አጭር ነው፦

ትራፕ 'ኪል $ሀ $ለ' ኤግዚት

ኪል ዝም ብሎ ሲጠራ የሚልከው ሲግናል 15ን ነው፤ እሱን ችላ እንዲሉ ያዘዛቸው የለም። $ሀ እና $ለ የሁለቱ ሥራዎች የፕሮሰስ ቁጥሮች ናቸው፤ ከየት እንደሚገኙ እንመጣበታለን።

የአዲስ አበባ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው። አውሮፓ ያለ ሰርቨር ላይ በኤስኤስኤች ገብቼ የሦስት ሰዓት ሥራ አስነሥቼ መብራት ቢጠፋስ?

ዩኒክስ ሲጀመር ተርሚናል ከኮምፒውተሩ ጋር በስልክ መስመር የሚገናኝበት ጊዜ ስለነበር፣ መስመሩ ሲቋረጥ በዚያ ተርሚናል ላይ ያለውን ሥራ የሚያስቆም ሲግናል ተበጀ፤ ቁጥሩ 1፣ ስሙ ሲግሃፕ ነው። የስልኩ መስመር ቢቀርም ሲግናሉ አለ። መብራት ሲጠፋ ግን ነገሩ ሰው እንደሚያስበው አይሄድም፤ ሰርቨሩ ምንም አልሰማም። ራውተሩ ድንገት ሲሞት “ደህና ዋሉ” የሚል ፓኬት አልላከም። ሥራው ወደ ተርሚናሉ የሚጽፍ ከሆነ ሊኑክስ ያንን ጽሑፍ ደጋግሞ ልኮ ልኮ ተስፋ የሚቆርጠው በነባሪው አቀማመጥ ከ15 ደቂቃ አካባቢ በኋላ ነው። ሥራው ዝምተኛ ከሆነ ደግሞ ግንኙነቱ በሕይወት መኖሩ የሚጠየቀው በነባሪው ከ7200 ሰከንድ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ኤስኤስኤች አገልጋዩ ቶሎ ቶሎ እንዲጠይቅ ከተደረገ ይህ ያጥራል። ግንኙነቱ መሞቱ ሲታወቅ ተርሚናሉ ይዘጋል፣ ባሽ ሲግሃፕ ይደርሰዋል፣ እሱም በሥራ ዝርዝሩ ላይ ላሉት ሁሉ ያስተላልፋል። መብራቱ በግማሽ ሰዓት የተመለሰለት ሰው ገብቶ ሲያይ ዝምተኛው ሥራ በደህና እየሄደ ያገኘዋል፤ ተረፈ ብሎ ይተወዋል። ኋላ ሲመለስ የለም።

በስክሪፕት ከተላከ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ስክሪፕቱ ልጁን ልኮ ራሱ ካለቀ፣ ልጁ በተጠቃሚው ባሽ የሥራ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ሲግሃፑም ላይደርሰው ይችላል። ይተርፋል፤ ግን መውጫው ወደ ሞተው ተርሚናል ከሆነ በሚቀጥለው ጽሑፉ ስህተት ይገጥመዋል፣ ብዙ ፕሮግራምም በዚያ ይወድቃል። “አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም” የሚባለው ከዚህ ነው የሚመጣው።

ኖሀፕ የሚባለው ትእዛዝ የሚያደርገው በጣም ትንሽ ነው። ልጁ ሲግሃፕን ችላ እንዲል ያደርጋል፤ መውጫው ተርሚናል ሆኖ ካገኘውም ኖሀፕ.አውት ወደሚባል ፋይል ያዞረዋል። ከጀርባ አይልክም፤ & አሁንም ያስፈልጋል። መውጫው ፓይፕ ከሆነም አይነካውም፤ ስለዚህ ከላይ ያየነውን የፒኤችፒውን መዞር ኖሀፕ አያድነውም። ኖሀፕ እንደ ጠበል በሁሉም ላይ ሲረጭ ስለማይ ነው ይህን ማንሣቴ።

አሁን ወደ ዌይት። በምሳሌያችን ውስጥ ከሁሉ የከፋው ጉድለት እዚህ ነው፤ ምክንያቱም አይታይም። ዳታቤዙ የይለፍ ቃል ተቀይሮበት ግልበጣው በሁለት ሰከንድ ወደቀ እንበል። ዌይት ያለ ምንም ቁጥር ሲጠራ ሁሉንም ልጆች ይጠብቅና 0 ይመልሳል፤ 0 ደግሞ “ተሳክቷል” ማለት ነው። ማን ወደቀ ማን ተሳካ አይልም። ስህተት ሲገጥም ስክሪፕቱን የሚያስቆመው ሴት -ኢ ከላይ ተጽፎ ቢሆንም አይረዳም፤ እሱ የሚያየው ሼሉ የጠበቀውን ትእዛዝ እንጂ ያልጠበቀውን አይደለም። ላክ የሚለው መስመር ባዶውን ፋይል በታማኝነት ይልካል። ባለቤቱ ይህን የሚያውቀው ባክአፑ ባስፈለገው ቀን ነው።

ሼሉ አንድ ሥራ ከጀርባ ሲልክ የፕሮሰስ ቁጥሩን $! ላይ ያስቀምጠዋል። ቀጣዩ ሥራ ሲላክ ያ ቁጥር ይደመሰሳል፤ ስለዚህ ወዲያው መያዝ አለበት፦

ገልብጥ < /ዴቭ/ነል > ገልብጥ.ሎግ 2>&1 &
ሀ=$!
ጨምቅ < /ዴቭ/ነል > ጨምቅ.ሎግ 2>&1 &
ለ=$!
ዌይት $ሀ || ኤግዚት 1
ዌይት $ለ || ኤግዚት 1
ላክ

ዌይት ቁጥር ሲሰጠው የዚያን ልጅ ኤግዚት ኮድ፣ ማለትም ሲወጣ የተወውን ቁጥር፣ ይመልሳል፤ የተደበቀው ውድቀት ወደ ብርሃን የሚወጣው እዚህ ነው። ጭመቃው ቀድሞ ቢያልቅ እንኳ ችግር የለም፤ ሼሉ ኮዱን ይዞ ይቆያል። ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ዌይት ማስገባት ያምራል፣ ግን የሚመለሰው የመጨረሻው ኮድ ብቻ ስለሆነ የመጀመሪያው ውድቀት እንደገና ይደበቃል። በፓይፕ የተያያዙ ሁለት ትእዛዞች አብረው ከተላኩም $! የሚይዘው የመጨረሻውን ነው። ከብዙ ልጆች መካከል ቀድሞ ያለቀውን ለመያዝ ዌይት -ኤን አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ከባሽ 4.3 ጋር የመጣ ነው። የአፕል ኮምፒውተሮች ይዘውት የሚመጡት ባሽ 3.2 ስለሆነ እዚያ አይሠራም።

ሥራው ሁለት ሳይሆን 400 ፋይል ሲሆን በየፋይሉ & መደርደር አይሆንም። ሼሉ ልክ የለውም፤ 400ውንም በአንድ ትንፋሽ ያስነሣቸዋል፤ ሜሞሪ ሲያልቅም ከርነሉ የሚገድለውን ይመርጣል፣ የሚመርጠውም ምናልባት ዳታቤዙን ነው። ኤክስአርግስ -ፒ 4 ቢባል በአንድ ጊዜ አራት ብቻ ይሄዳሉ፤ አንዱ ሲያልቅ ቀጣዩ ይገባል። ይህን በእጅ በሼል ለመጻፍ መልፋት አያስፈልግም።

የቀረው ከተጠቃሚው መውጣት በኋላ የሚኖር ሥራ ነው። በእጅ ለሚሠራ ሰው ቲመክስ ወይም ስክሪን ይበቃል፤ ተርሚናሉ ራሱ ሰርቨሩ ላይ ስለሚኖር መብራት ቢጠፋም የሚቋረጠው መመልከቻው ነው። ለስክሪፕት ግን ክሮን ወይም ሲስተምዲ ይሻላል፤ የሌሊቱ ባክአፓችን ከመጀመሪያውም በማንም ተርሚናል ላይ መነሣት አልነበረበትም። & እና ዌይት በስክሪፕቱ ሆድ ውስጥ ይቀራሉ፤ ስክሪፕቱን የሚያስነሣው ሌላ ነው።

ሲስተምዲ እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ትልቅ ጫጫታ አስነሥቷል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016 በወጣው 230ኛ እትሙ፣ ተጠቃሚ ሲወጣ የተወውን ፕሮሰስ ሁሉ መግደልን ነባሪ አደረገው። ኖሀፕም ሆነ ቲመክስ አላዳኑም፤ ሲስተምዲ የሚቆጥረው በሲግናል ወይም በተርሚናል ሳይሆን ሲግሩፕ በተባለ የከርነል ስልት ነው፤ ከዚያ ደግሞ ፎርክ አድርጎ ማምለጥ የለም። ለአሥርተ ዓመታት ሲሠራ የኖረ ልማድ በአንድ ማሻሻያ ተሰበረ፤ ብዙዎች ተቆጡ፣ ዴቢያንም ነባሪውን አጠፋው። የሲስተምዲ ሰዎች ክርክር ግን ቀላል አልነበረም፤ ተጠቃሚው ረስቶት የሄደውን ፕሮሰስ ሆን ብሎ ከተወው መለየት አይቻልም። ያ አቀማመጥ በበራበት ማሽን ላይ ሥራው እንዲቆይ የሚፈልግ ሰው ሎግኢንሲቲኤል ኢኔብል-ሊንገር ብሎ ለራሱ መለያ አንድ ጊዜ ፈቃድ ያወጣል፤ ከዚያ ሥራውን በሲስተምዲ-ረን --ዩዘር ያስነሣል። እንዲህ የተነሣ ሥራ ወላጁ ሼሉ ስላልሆነ የሼሉን ፓይፕም ሆነ ተርሚናል አይወርስም፤ መውጫው በቀጥታ ወደ ሲስተምዲ ጆርናል ይሄዳል፤ ኮዱም እዚያው ይመዘገባል።